የግንባታ ትርፍና ኪሣራ የማን ነው?

የግንባታ ውል ድርድር በዋጋ ላይ ብቻ የሚካሄድ ይመስላል። ከዋጋው ጀርባ ያለው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ቁፋሮው ያልታሰበ አለት ቢያጋጥመው፣ ብረት ቢወደድ፣ ዲዛይን ቢዘገይ ማን ይከፍላል? የውል ዓይነቶች የሚለያዩት ለዚህ በሚሰጡት መልስ ነው።

በጥቅል ዋጋ ውል ተቋራጩ ወጪ ቢንርበትም በተስማማበት ሒሳብ ይጨርሳል፤ ቢቆጥብም ትርፉ የራሱ ነው። በነጠላ ዋጋ ውል ክፍያው በልኬት ስለሆነ የሥራው መጠን ቢጨምር ጫናው በአሠሪው ላይ ያርፋል። ዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን (ፊዲክ) እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣቸው ሞዴል ውሎችም በዚሁ ይለያያሉ። ከነዚሁ አንዱ በሆነው በቀዩ መጽሐፍ፣ ልምድ ያለው ተቋራጭ አስቀድሞ ሊገምተው የማይችል የአፈር ሁኔታ ሲያጋጥም ተጨማሪ ጊዜና ክፍያ ይጠየቃል፤ በብርማው መጽሐፍ ግን ይህ ሥጋት በመሠረቱ የተቋራጩ ነው።

ሌላው መንገድ መጋራት ነው። በዒላማ ዋጋ ውል ሁለቱ ወገኖች አንድ ግምት ላይ ይስማማሉ። ዒላማው 100 ሚሊዮን፣ ድርሻው እኩል ሆኖ ሥራው በ90 ሚሊዮን ቢያልቅ፣ ተቋራጩ ከቁጠባው 5 ሚሊዮን ያገኛል፤ በ110 ቢያልቅ ያንኑ ያህል ይከስራል። የነዳጅ ኩባንያው ቢፒ በሰሜን ባሕር የአንድሩ ነዳጅ ፕሮጀክት ላይ ከተቋራጮቹ ጋር በዚህ መንገድ ሠርቶ፣ በ373 ሚሊዮን ፓውንድ የታቀደው ሥራ በ290 ሚሊዮን ገደማ አልቋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው የለንደን ሂትሮው ተርሚናል 5 ባለቤት ደግሞ ሥጋቱን በራሱ ላይ አድርጎ፣ ተቋራጮች ችግር ከመደበቅ ይልቅ አብረው እንዲፈቱ ገፋፍቷል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን የወጪ መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ሲሆን ነው።

በኢትዮጵያ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያልታሰበ ነገር የአስተዳደር (የመንግሥት መሥሪያ ቤት) ውልን ሚዛን ሲያናጋ፣ መሥሪያ ቤቱ ከኪሣራው እንዲካፈል ተቋራጩ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ደግሞ ሥጋት የሚከፋፈልበትን የመንግሥትና የግል አጋርነት ሥርዓት አስይዟል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ያለው ውልና የሌለው ውል ልዩነት ጎልቶ ወጣ።

በውል ወደ ሌላው የተገፋ ሥጋት አይጠፋም፤ ወይ በጨረታ ዋጋው ውስጥ ተደምሮ፣ ወይ በክርክርና በቆመ ሥራ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሥጋት ሊቆጣጠረው ለሚችለው ወገን ይሰጥ፤ ማንም የማይቆጣጠረውን ግን ይካፈሉት።