ስለ ጪጩ መንደር አቀማመጥና ታሪክ

ጪጩ በጌዴኦ ምድር፤ ከዲላ ከተማ በስተደቡብ፤ ወደ ወናጎና ወደ ይርጋ ጨፌ በሚያወርደው በሞያሌ መንገድ ላይ የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። ከአዲስ አበባ እስከ ዲላ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መንገደኛ በመኪና ሲያልፍ በመንገዱ ዳር ያሉትን ጥቂት ቤቶች ብቻ አይቶ የቀረው ሁሉ ዱር ይመስለዋል። ነገር ግን ዱር የመሰለው የሰው እጅ ተክሎ የሚጠብቀው እርሻ ነው።

አገሩ የስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ተዳፋት ነው። በስተምዕራብ ወደ አባያ ሐይቅ ቆላ ይወርዳል፤ በስተምሥራቅ ወደ ቡሌ ደጋ ይወጣል። ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት አካባቢው ለቡናም ለእንሰትም የሚስማማ ወይና ደጋ ነው።

የእርሻውም ሥራ እንደሚከተለው ነው። ከላይ ዋንዛ፤ ብርብራና ቆርች ጥላ ይሰጣሉ፤ ቅጠላቸውም ረግፎ መሬቱን ያዳብራል። ከነዚህ በታች እንሰት ይቆማል፤ ከእንሰቱም ሥር ቡና ይበቅላል። ቡና ገንዘብ ያስገባል፤ እንሰት ቆጮና ቡላ ሆኖ ቤተ ሰብ ይመግባል። ስለዚህ የቡና ዋጋ በወደቀበት ዓመት ገበሬው በእንሰቱ ይሰነብታል። እንሰቱን ነቅሎ ሌላ የተከለ ግን፤ ዋጋ የወደቀ ዕለት ገንዘቡንም ምግቡንም በአንድነት ያጣል። ዛፉም ከተቆረጠ ተዳፋቱን የሚይዝ ሥር ስለማይኖር ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋል።

የሰው ታሪክ በዚህ ምድር እጅግ የቆየ ነው። በቱቱ ፈላና በጨልባ ቱቲቲ የቆሙት ትክል ድንጋዮች ለዚህ ምስክር ናቸው። በሳካሮ ሶዶ ያሉትን የመረመሩ ሊቃውንትም ዕድሜያቸው እስከ 1ኛው ክፍለ ዘመን እንደሚደርስ አስታውቀዋል። ሕዝቡ በባሌ ሥርዓት በአባ ገዳ እየተመራ፤ በሶንጎ እየተሰበሰበ ይፈርድ ነበር፤ ዛሬም ይህ ልማድ አልጠፋም። በአፄ ምኒልክ ዘመን አገሩ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባ፤ ገበሬውም ገባር ሆነ። ቡናው ዋጋ እያወጣ በሄደ መጠን ከምርቱ የሚጠየቀው ድርሻ ከበደ። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች ይህንኑ ጭነት እንቢ ብለው በምችሌ ተነሡ፤ የብዙ ሰውም ደም ፈሰሰ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የባለርስትና የጭሰኛ ግንኙነት ቀረ።

በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የተመዘገበውም ድንጋዩ ብቻ ሳይሆን እርሻውና የሕዝቡ ዕውቀት ጭምር ነው።

ስለዚህ በእንዲህ ያለ አገር የተሾመ ሰው ምክር ከመስጠቱ በፊት የገበሬውን ጓሮ ገብቶ ማየት ይገባዋል። የሕዝቡ ብዛት መሬቱን እያጠበበው ስለ ሆነ፤ ፈጥኖ ገንዘብ ለማግኘት ሲባል ጥላ ዛፍና እንሰት እንዳይነቀል ገበሬውን ማስረዳት፤ የአገሩን ዛፍ ችግኝ ማቅረብ፤ የቡና ማጠቢያ ፍሳሽም ወንዙን እንዳያበላሽ መቆጣጠር የሹም ሥራ ነው። ግብርም ሲተመን በተገኘው ምርት ልክ እንዲሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የምችሌ ነገር የሚያስተምረው ይህን ነውና።