ላዳ ላይ ናይትረስ ቢገጠምስ?

ፊልም ላይ ሹፌሩ ቁልፍ ሲጫን መኪናው የሚፈተለከው ለምን ይመስላችኋል? ታላቅ ወንድሜ “የአባባ ላዳ ላይ በርካሽ ላስገጥም” ስላለ፣ የሳይንስ መምህራችንንና የሰፈራችንን መካኒክ ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው በኦክስጅን ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ስለዚህ ላዳው ከመስቀል አደባባይ ወደ ካዛንቺስ ሽቅብ ሲወጣ ቢያቃስት አይፈረድበትም።

ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ከሁለት ናይትሮጅንና ከአንድ ኦክስጅን የተሠራ ነው። ሞተሩ ውስጥ በሙቀት ሲፈርስ ኦክስጅኑን ይለቃል፣ ጉልበት ይጨምራል። ግን ቤንዚኑም አብሮ በልኩ መጨመር አለበት። ካነሰ ሙቀቱ ከመጠን ያልፍና ፒስተን ያቀልጣል። በርካሽ ሲገጠም የሚጎድለው ደግሞ ይኸው ልክ ነው።

የቤታችን እንጀራ የሚገኘው ከላዳው ነው። ሞተሩ ከሞተ እኛም ጾማችንን ነን። ስለዚህ ወንድሜን፦ “መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አጽዳ፣ ያረጀ ካንዴላ ቀይር፣ ጎማ አስነፋ” አልኩት። ወጪው ትንሽ ነው፣ ሞተር አይጎዳም።

ወንድሜ ገና እያሰበበት ነው። እናንተስ ምን ትሉታላችሁ? ሐሳባችሁን ለክበባችን ጻፉልን።