በሥራ መዝገብ ላይ የሚጨመር ጥያቄ

የአንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ከአመልካቹ ተነሥቶ በመርማሪው፣ በሒሳብ ሹሙና በኃላፊው ዘንድ አልፎ እስኪፈጸም ድረስ የሚሄድበትን መንገድ የሚከታተሉት የሥራ ሒደት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች፣ እንደ ተገዙ በየሥራው ላይ የሚጠይቁት የሥራውን ስም፣ ማብራሪያውን፣ የሠራተኛውን ማንነትና የመጨረሻውን ቀን ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ከዚህ የተረፈውን፣ ማለት የግዥውን ዋጋ፣ የዕቃውን ዓይነት፣ የቅርንጫፉን ስም የሚጠይቅ የመሙያ ሣጥን መጨመር የመሥሪያ ቤቱ ፈንታ ነው።

ሣጥኑም እንደ ጥያቄው ጠባዩ ይለያያል። ማናቸውንም ጽሑፍ በሚቀበለው ሣጥን አንዱ ጸሓፊ «አዲስ አበባ»፣ ሁለተኛው «አ.አ.»፣ ሦስተኛው «አዲስ አበባ ከተማ» ብሎ ቢሞላ፣ ኮምፒዩተሩ ሦስት ከተሞች አድርጎ ይቈጥራቸዋልና፣ እንዲህ ላለው ነገር ከተዘጋጀ ዝርዝር የሚያስመርጠው ይሻላል፤ ዋጋም በቍጥር ሣጥን ካልገባ ሊደመር፣ ከተወሰነው ልክ ያለፈው ግዥም በራሱ ወደ ከፍተኛው ሹም ሊተላለፍ አይችልም።

ከዓይነቱ ይልቅ የሚከብደው ግን ጥያቄው የሚቀርብበት ጊዜ ነው። የአውስትራሊያው አትላሲያን ኩባንያ በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣውና በመጀመሪያ የፕሮግራም ስሕተቶች መመዝገቢያ የነበረው ጂራ፣ ሥራ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ጥያቄ እንዲቀርብ ስለሚያስችል፣ የብልሽቱ መንሥኤ ሥራው ሲከፈት ሳይሆን ተመርምሮ ሲዘጋ ሊጠየቅ፣ መልስ እስኪሰጥበትም ድረስ መዝጋቱ ሊከለከል ይችላል። ይህን ትተው ሁሉንም ጥያቄ በመክፈቻው ላይ ግዴታ የሚያደርጉ አስተዳዳሪዎች ሠራተኛውን ሳይወድ ሐሰተኛ ምስክር ያደርጉታል፤ ገና ያልመረመረውን የተጠየቀ ሰው አንዲት ነጥብ ወይም «የለም» የሚል ቃል አኑሮ ያልፋልና፣ በወሩ መጨረሻ ከዚያ መዝገብ የሚወጣው ሪፖርት ምንም ያህል ቢያምር እውነት የለበትም።

ለአገራችን ሰው ደግሞ የቀኑ ሣጥን ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። የብዙዎቹ ሶፍትዌሮች ሐሳበ ዘመን የጎርጎርዮስ ነውና፣ ጳጉሜን 5 ቀንን 5/13 ብሎ የጻፈ ሰው ቀንን በሚያስቀድመው ሥርዓት አሥራ ሦስተኛ ወር የለም ተብሎ ሲመለስበት፣ ወርን በሚያስቀድመው በአሜሪካኖች ሥርዓት ግን ሜይ 13 ተብሎ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይመዘገብበታል። መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም. 3/1/2018 ተብሎ ቢሞላማ፣ ሥራው በተከፈተበት ቅጽበት ቀነ ገደቡ ከ7 ዓመት በላይ ያለፈበት ሆኖ ይታያል። ስለዚህ የኢትዮጵያን ዘመን አቈጣጠር በማያውቅ ሶፍትዌር ላይ የቀን ሣጥን የሚጨምር ሰው፣ ቀኑ በየትኛው አቈጣጠር እንደሚሞላ ከሣጥኑ አጠገብ በጉልህ መጻፍ አለበት።