ወናፍና ስልቻ፦ በነፋስ ትራስ ላይ ስለሚሄደው የጭነት ገበታ

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፥ በተለይም በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው በቦረና ምድር፥ ክረምቱ ገብቶ ዋልካው ውሃ ሲጠጣና እንደ ሊጥ ሲላቆጥ፥ ግማሽ ኩንታል እህል የተጫነች አህያ በመስኩ መካከል እግሯ ተውጦ ስትቆም፥ ባለቤቷም ጭነቱን አውርዶ፥ እርሷን ደግፎ ካወጣ በኋላ፥ ያንኑ ጭነት በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ወደ ደረቁ ሲያሻግር ማየት የተለመደ ነው። ይህን ድካም የተመለከተ ሰው ጭቃውን ሳይረግጥ ጭነት የሚያሻግር መሣሪያ ቢኖር ብሎ መመኘቱ አይቀርም፤ መሣሪያው ግን ከተፈለሰፈ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታልና፥ ስሙ ሆቨርክራፍት የሚባለውን ይህን የጥበብ ሥራ ለአንባቢ ማስተዋወቅ የሚገባ መስሎ ታይቶኛል።

አህያይቱ የምትሰምጠው ክብደቷ ስለ በዛ ሳይሆን፥ ክብደቷ ሁሉ በአራት ትንንሽ ሰኮናዎች ላይ ስለ ተሰበሰበ ነው። ሆቨርክራፍት ይህንኑ ክብደት በሰፊው ይበትነዋል፤ ይኸውም ከጠፍጣፋ ገበታ ሥር አየር እየነፋ፥ አየሩም ፈጥኖ እንዳያመልጥ ዙሪያውን በሸራ ቀሚስ ከልሎ፥ ገበታውን ከነጭነቱ በነፋስ ትራስ ላይ ያሳርፈዋል። ምሥጢሩ ለአገራችን ሰው ባዕድ አይደለም፤ ቀጥቃጩ በወናፉ ነፋስን አስገድዶ ወደ ፈቀደው ስፍራ ይልካል፥ የዓባይ ዋናተኛም ነፋስ የተሞላ የፍየል ስልቻ ታቅፎ ወንዙን ይሻገራል። ወናፉን ከስልቻው ጋር ያጋባ ሰው ሆቨርክራፍትን አገኘ ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ያጋባውም እንግሊዛዊው መሐንዲስ ክሪስቶፈር ኮክረል ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የድመት ምግብ የነበረበትን ትንሽ ቆርቆሮ በቡና ቆርቆሮ ውስጥ ከትቶ፥ በሁለቱ መካከል ባለው ቀጭን ቀለበት አየር ነፋና ግፊቱን በወጥ ቤት ሚዛን መዘነው፤ በቀለበቱ የወጣው አየር በአንዱ ቆርቆሮ ብቻ ከሚወጣው ይልቅ ሚዛኑን አብልጦ እንደሚጫንም አረጋገጠ። ከአራት ዓመት በኋላ፥ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 18 ቀን 1951 ዓ.ም.፥ ኤስ አር ኤን 1 የተባለችው ሆቨርክራፍት ከፈረንሳይዋ ከካሌ ተነሥታ ባሕሩን በመሻገር ወደ እንግሊዟ ዶቨር ገባች። በኋላም ሰውንና መኪናን የሚያመላልሱ ግዙፋን ተሠርተው በዚያው ባሕር ላይ ለብዙ ዓመታት ካገለገሉ በኋላ፥ የመጨረሻ ጉዟቸውን ያደረጉት መስከረም 21 ቀን 1993 ዓ.ም.፥ በእኛ ዘንድ የግሸን ማርያም ክብረ በዓል በሚውልበት ዕለት ነበረ።

ሰው ገፍቶ የሚወስደውን ትንሹን የጭነት ገበታ ለመሥራት ግን አንድ አናጢ፥ አንድ ብረት በያጅና አንድ ልብስ ሰፊ ቢተባበሩ ይበቃሉ። ርዝመቱ 2 ሜትር፥ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ የኮምፔንሳቶ ገበታ እናስብ። አንድ ኩንታል እህል ቢጫንበት፥ ገበታውና ሞተሩም 40 ኪሎ ቢሆኑ፥ ጠቅላላው 140 ኪሎ በ2 ካሬ ሜትር ላይ ይከፈላል፤ ይህም በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሜትር 7 ግራም ብቻ ስለሚደርስ፥ የቆመ ሰው እግር መሬትን ከሚጫነው ሃያኛውን እጅ እንኳ አይሞላም። ሠሪው ይህን በዓይኑ ለማየት ቢፈልግ፥ ብርሃን የሚያሳይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ቆልምሞ እስከ ግማሹ ውሃ ይጨምርበትና አንዱን አፍ ከገበታው ሥር ያግባው፤ በሁለቱ ወገን ያለው የውሃ ከፍታ በ7 ሳንቲሜትር ሲለያይ ገበታው ከነጭነቱ ይነሣል።

ከቀሚሱ ጫፍና ከመሬቱ መካከል ባለው ክፍተት አየሩ ሳያቋርጥ ስለሚያመልጥ፥ ማራገቢያው ያመለጠውን ያህል መተካት አለበት። ክፍተቱ ዙሪያውን 1 ሳንቲሜትር ቢሆን ለዚህ ገበታ ወደ 2 ኪሎዋት የሚጠጋ ኃይል ያስፈልጋል፤ ክፍተቱ በግማሽ ቢጠብ ግን የሚፈለገውም ኃይል በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ትልቅ ሞተር ፍለጋ ገንዘቡን ከመጨረሱ በፊት፥ ሠሪው ቀሚሱ መሬቱን እየተከተለ እንዲታጠፍ አድርጎ የሚሰፋለትን ልብስ ሰፊ ይፈልግ።

የደጋው አየር ራሱ ሌላ ሒሳብ ይጠይቃል። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፥ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ከአየሩ መሳሳት የተነሣም የቤንዚኑ ሞተር ኃይሉ በሩብ ያህል ሲጎድል፥ ማራገቢያውም በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚሰጠው ግፊት እንዲሁ ይቀንሳል። በቆላ የተሞከረ መሣሪያ ወደ ደጋ ወጥቶ ጭነቱን ማንሣት ቢያቅተው ጥፋቱ የሠሪው እጅ ላይሆን ይችላልና፥ ከመጀመሪያው ይህን ጉድለት የሚሸፍን ሞተር መምረጥ ብልህነት ነው። ማራገቢያው ጣት በማያስገባ ጠንካራ የሽቦ መረብ መሸፈን አለበት፤ በውሃ ላይ የሚሄድም ከሆነ፥ ሞተሩ በድንገት ቢጠፋ እንዳይሰምጥ ከገበታው በታች የሚያንሳፍፍ ፎም ይታሰርለት።

ወሰኑን ሳልናገር ብቀር ግን አንባቢን እንደ ማሳሳት ይቆጠርብኛል። ነፋስ ላይ የተቀመጠ ነገር መሬትን የሚይዝበት እግር የለውም፤ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ያ 140 ኪሎ በ14 ኪሎ ጉልበት ወደ ታች ይጎትታል፥ የሚገታውም ገፍቶ የሚወስደው ሰው ክንድ ብቻ ነው። ሾህና የተሳለ ድንጋይ ቀሚሱን ይቀድዳል። ስለዚህ ከቦረና ደጋ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው ገደላ ገደል ለዚህ መሣሪያ አልተፈጠረም፤ የእርሱ ርስት ክረምት የዋጠው መስክ፥ ረግረግና ጸጥ ያለ ውሃ ነው። የቦረና ገበሬ ይህን መሣሪያ ቢያገኝ አህያውን መሸጥ የለበትም፤ ገበታው ኩንታሉን ከረግረጉ ማዶ ካደረሰ በኋላ፥ ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ እግራቸው ደርቆ ለሚጠብቁት ሁለት አህዮች ግማሽ ግማሹን ያስረክባቸዋልና።