ሞራ ከመገፈፉ በፊት ያለችው ጠብታ

ሰሞኑን አጎቴ የዓይን ሞራቸውን ሊያስገፍፉ ሲሄዱ አብሬያቸው ነበርኩ። ከኦፕራሲዮኑ ይልቅ ጥበቃው ረዘመ። ነርሷ ወረፋ የያዙትን በየጥቂት ደቂቃው እየዞረች ጠብታ ታደርጋለች፤ ትሄዳለች፤ ደግሞ ትመለሳለች። «አሁንስ አበዛችው!» አሉ አጎቴ።

ነገሩ ግን ያለምክንያት አይደለም። ብሌን የምንለው የዓይናችን ጥቁር ቀዳዳ ደማቅ ብርሃን ላይ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሞራ የያዘው ሌንስ ደግሞ ከኋላው ተቀምጧል፤ ስፋቱ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ። ሶፋ በጠባብ በር ማውጣት በሉት። አንዱ ጠብታ፣ ትሮፒካማይድ፣ ብሌኑን የሚያጠብበውን ጡንቻ ያላላል፤ ሌላው፣ ፌኒሌፍሪን፣ የሚያሰፋውን ጡንቻ ያስነሳል። ለዚህ ነው ሁለቱን አንድ ላይ የሚጠቀሙት።

ጠብታው አልሠራ ካለስ? መድኃኒቱን ዓይን ውስጥ በቀጥታ መውጋት ይቻላል። ካልሆነ ብሌኑን ወጥረው የሚይዙ ትንንሽ መንጠቆዎች አሉ፤ ሩሲያዊው ሐኪም ቦሪስ ማልዩጊን የሠራው ቀለበትም አለ። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ዋጋ ማሰቡ አይቀርም፦ ጠብታ ርካሽ ነው፣ የሚበላው ሰዓት ነው። ቀለበቱ ሰዓት ይቆጥባል፣ ግን ሌላ ወጪ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ታምሱሎሲን የሚባል ለፕሮስቴት የሚታዘዝ ኪኒን አለ። በ2005 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ቻንግ እና ጆን ካምቤል የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች አንድ ነገር አሳወቁ፦ ይህን ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች አይሪሳቸው፣ ማለትም በብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለቀለም ክፍል፣ በኦፕራሲዮኑ መሃል እንደ እርጥብ ጨርቅ ይልፈሰፈሳል፤ የሰፋው ብሌንም መልሶ ይጠብባል። ሐኪሙ ሳያውቅ ከገባ አደጋው ይጨምራል። ኪኒኑን ካቆሙ ቆየት ያሉትም ላይ ሊከሰት ይችላል።

ችግሩ አባቶቻችን ናቸው። የሽንት ነገር በልጅ ፊት ይነሳል እንዴ? «የምትወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲባሉ «የለም» ብለው ያልፋሉ። ለዓይን ሕክምና የፕሮስቴት ኪኒን ምን አገባው ብለውም ያስባሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ማን ነግሯቸው!

ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት የሚወስዱትን ኪኒን ሁሉ፣ ድሮ የወሰዱትንም ጭምር፣ ማሸጊያውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ለዓይን ሐኪሙ አሳዩ። በራሳችሁ ግን አታስቁሟቸው፤ ማቆሙ ችግሩን ላያስቀር ይችላል። ሐኪሙ ቀድሞ ካወቀ የሚወጋውን መድኃኒትም ቀለበቱንም አዘጋጅቶ ይገባል።