ያውቁ ኖሯል? ሴንሰርን የሚያነቁ የወርቅና የፕላቲነም ቅንጣቶች

ዝገት የማይነካው ወርቅ በካታሊስትነት፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን በማፋጠን፣ አይረባም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን እንደነበር ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ1987 ጃፓናዊው ማሳታኬ ሃሩታና ባልደረቦቹ ግን ሌላ ነገር አሳዩ። ወርቁ ጥቂት ናኖሜትር ወደሚሆኑ ቅንጣቶች ሲደቅ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እንኳ ከኦክስጅን ጋር ያዋህዳል። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ጋዝን የሚለየውን መሣሪያ፣ የጋዝ ሴንሰርንም ያነቃሉ። በቲን ኦክሳይድ የሚሠራው የጋዝ ሴንሰር መነሻው እ.ኤ.አ. በ1962 ናኦዮሺ ታጉቺ በጃፓን ያስመዘገበው ፈጠራ ነው።

አሠራሩስ? የአየር ኦክስጅን በጋለው ቲን ኦክሳይድ ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮኖችን ይነጥቀዋል፤ የኤሌክትሪክ ፍሰቱም ይዳከማል። ተቀጣጣይ ጋዝ ሲመጣ ያንን ኦክስጅን ይዞ ይሄዳል፣ ኤሌክትሮኖቹ ይመለሳሉ፣ ፍሰቱ ይጨምራል፤ ያኔ የማስጠንቀቂያው ደወል ይጮኻል። ችግሩ ሴንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 400 ዲግሪ መጋል አለበት፤ አንዱን ጋዝ ከሌላው ለመለየትም ይቸገራል።

መፍትሔው እጅግ ጥቂት ፕላቲነም ወይም ፓላዲየም በላዩ ላይ መበተን ነው። ቅንጣቶቹ የሃይድሮጅንን ሞለኪውል ወደ አቶም ይሰነጥቁታል፤ አቶሞቹም ወደ ኦክሳይዱ ይፈስሳሉ። በዚህም ሴንሰሩ ባነሰ ሙቀት፣ በበለጠ ፍጥነት ይሠራል። ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚደንቀው ይህ ነው፤ ካታሊስቱ ይህን ሁሉ ሠርቶ ራሱ አያልቅም።

ፓላዲየም ከራሱ ይዘት 900 እጥፍ ገደማ የሚሆን ሃይድሮጅን ይውጣል። ተራ የካርቦን ናኖቲዩብ (እጅግ ቀጭን የካርቦን ቱቦ) ሃይድሮጅንን ልብ አይልም፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፓላዲየም ሲቀቡት ግን ያለምንም ማሞቂያ ለየው። ሃይድሮጅን ከአየሩ 4 በመቶ ሲደርስ መቀጣጠል ስለሚችል ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቅንጣቱ ሲበዛ ይሻላል ማለት አይደለም፤ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይጓጉላልና። የሲሊኮን ትነትም ካታሊስቱን ሊመርዘው ይችላል። ስለዚህ የጋዝ ማስጠንቀቂያ ባለበት ክፍል ሲሊኮን ማጣበቂያ ሲጠቀሙ ይጠንቀቁ።

በመጨረሻ ይህን ልብ ይበሉ፦ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደማችን ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን 200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ጭሱ የጠፋለት ፍም ከሰልም ይህን ጋዝ ያወጣል። እባክዎ ከሰል ቤት አስገብተው፣ በርና መስኮት ዘግተው አይተኙ።