ትንሿ ኮሮጆ፦ የጎጃም መንገደኛ ምን ይዞ ይወጣል?

ጥር 13 የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ክብረ በዓል ነው። ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ፣ ከገበዝ ማርያምና ከዙሪያው ገጠር ወደ ሰከላ፣ ወደ ግሽ ዓባይ የሚወጣ ምእመን በዚያ ቀን ሁለት አየር ያያል። ማለዳ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል። ረፋድ ላይ ጋቢው ይወልቃል። ቀትር ላይ ደግሞ ያ ጋቢ ክንድ ላይ ተጣጥፎ ሸክም ይሆናል። የተያዘው ውሃ እየጎደለ ይሄዳል፤ ባዶ የመጣው ጀሪካን ጠበል ሞልቶ ይመለሳል። ጠዋት የቀለለው ማታ ይከብዳል፤ ጠዋት የተለበሰው ማታ ይታዘላል።

እንዲህ ላለው ቀን ስንት ዓይነት ቦርሳ ገበያ ላይ አለ? ከባሕር ማዶ የመጣው የጀርባ ቦርሳ ኪሱ አሥር፣ ዚፑ አሥራ አምስት ሆኖ በየሱቁ ተንጠልጥሏል። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ ትልቁን ይመርጣል፤ «ምናልባት ያስፈልገኝ ይሆናል» በሚል። የጎጃም መንገደኛ ግን ለዚህ ጥያቄ የራሱ መልስ ነበረው። ከመነሣቱ በፊት የሚሄድበት ስፍራ ምን እንደሚሰጠውና ምን እንደሚነሣው ያስብና ዕቃውን በዚያው ልክ ይመርጥ ነበር። ለዚህ ነው በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ አምስትና ስድስት ዓይነት መያዣ ተሰቅሎ ይታይ የነበረው። እያንዳንዱ ለአንድ ጉዞ የተሠራ ነው።

አኩፋዳ

ከሁሉ የታወቀው ትንሽ መያዣ የቆሎ ተማሪው አኩፋዳ ነው። ከሰሌን ይሰፋል፣ በማንገቻ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራን የመሰሉ ጉባኤ ቤቶች ከሩቅ ከቅርብ ተማሪ ሲስቡ ኖረዋል። ተማሪው ከወላጆቹ ቤት ሲወጣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ ነው። ንብረቱ ይኸው ነው። ከየኔታ ፊት ሲነሣ ወደ መንደር ይገባና በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ባለቤቲቱ ቁራሽ እንጀራ ወይም እፍኝ ቆሎ ይዛ ትወጣለች።

አኩፋዳ ትንሽ የሆነው ተማሪው ድሃ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ስንቁ ያለው መንደሩ ውስጥ ነው። የዛሬውን ዛሬ ይለምናል፤ ነገ ሌላ ደጅ አለ። የሳምንት እህል ተሸክሞ ቢዞር ዜማውንና ቅኔውን በየትኛው ጉልበቱ ሊማር ነው?

ሌላው ምክንያት በስፌቱ ውስጥ አለ። ሰሌን አየር ያሳልፋል። ትኩስ እንጀራ ፌስታል ውስጥ ከትታችሁ ለሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ብትተዉት የላስቲኩ ውስጥ በላብ ጠብታ ተሸፍኖ፣ እንጀራው ረጥቦና ተጣብቆ ታገኙታላችሁ። እንዲያው ከሰነበተ ይሻግታል። አኩፋዳ ውስጥ የዋለ ቁራሽ ግን እርጥበቱ በስፌቱ ቀዳዳ እየወጣ ይደርቃል። የደረቀውን ተማሪው ውሃ ነክሮም ሆነ እንዲሁ ቆርጥሞ ይበላዋል። ማቀዝቀዣ በሌለበት አገር ይህ ትንሽ ብልሃት አይደለም።

አገልግል

የአገልግል ብልሃት የአኩፋዳ ተቃራኒ ነው። ውስጡ ከስንደዶና ከአክርማ ይሰፋል፤ ውጭው በለፋ ቆዳ ይለበጣል። ክዳኑና ገላው በጠፍር ይታሰራሉ፤ ያው ጠፍር ማንጠልጠያም ይሆናል። ቆዳው እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዝ ጠዋት የተፈተፈተ እንጀራ እኩለ ቀን ላይ ሲከፈት አሁንም ለስላሳ ነው፤ ሽታውም ከሩቅ ይጠራል።

ይሁንና አገልግል የአንድ ቀን ዕቃ ነው፤ የሚሸከመውም የብዙ ሰው ምሳ ነው። ለንግሥ፣ ለሠርግ፣ ለዘመድ ጥየቃ ሲወጣ አንድ ሰው ይይዘዋል፣ አምስት ሰው ይበላበታል። ዛሬ በዓል ቦታ ላይ ሁሉም በየጀርባው የየራሱን ምሳ፣ የየራሱን ውሃና የየራሱን ልብስ ታቅፎ ሲሄድ የምናየው አገልግሉ ያቀለለውን ነገር መልሰን ስላከበድነው ነው። ቤተሰብ ከሆነ አንድ የምግብ ዕቃ ይበቃል፤ እርሱንም በየተራ መያዝ ነው። ሌላው ሰው እጁን እያወዛወዘ ይሄዳል።

ማኅደርና መቀነት

ከእነዚህም የሚያንሱ አሉ። ማኅደር የዳዊት ወይም የሌላ የጸሎት መጽሐፍ የቆዳ ቤት ነው። የሚሰፋው በመጽሐፉ ልክ ስለሆነ በውስጡ ሌላ ነገር ለመጨመር አንድ ጣት የሚያስገባ ቦታ እንኳ አይተርፍም። ካህኑ በማንገቻው ትከሻው ላይ ጣል አድርጎት ወንዝ ይሻገራል፣ ዳገት ይወጣል፤ መጽሐፉ አይንገላታም፣ ጠርዙም አይታጠፍም። የዛሬ የቦርሳ ነጋዴዎች ዕቃ በቦርሳ ውስጥ ሲንቀሳቀስ እንደሚጎዳና ተሸካሚውንም እንደሚያደክም ይናገራሉ። ማኅደር ሰፊዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ በመርፌያቸው ሲሠሩበት ኖረዋል።

የመጨረሻዋ ትንሽ ኮሮጆ የሴቶች መቀነት ናት። ገበያ የምትሄድ የገጠር እመቤት ብሩን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ወገቧ ላይ ታዞራለች። ኪስ አውላቂ ቋጠሮውን መፍታት አይችልም፤ እርሷ ሳታውቅ ሊነካውም አይችልም። እጇ ነፃ ነው፤ ጀርባዋ ላይ ልጅ ታዝላለች፣ ራሷ ላይ እንስራ ወይም ቅርጫት ታስቀምጣለች። የወገብ ቦርሳ የሚባለው የዛሬ ዕቃ የሚሠራው ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ትልልቆቹስ?

ትልቅ መያዣም ነበር፤ አሁንም አለ። ስልቻ የሚሠራው ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ነው። ሆዱ ሳይቀደድ ሙልጭ ተደርጎ የተገፈፈው ቆዳ ጠጉሩ ይረግፋል፣ በእምቧይና በሌላም ቅጠላ ቅጠል ይለፋል፣ ተረግጦና ታሽቶ ይለሰልሳል። ከዚያ በኋላ እህልም ዱቄትም ይይዛል፤ ስፌቱ ጥቂት ስለሆነ አያፈስም። አቁማዳ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ቆዳ አልፊዎቹ እጃቸው የማይገባበት ቤት ሳይኖር በማኅበራዊ ኑሮ ሲናቁ መኖራቸው የአገራችን አሳፋሪ ታሪክ ነው፤ ስንቁ፣ ዘሩ፣ የጸሎት መጽሐፉ ሳይቀር በእነርሱ ሥራ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯልና።

ዛሬ በምዕራብ ጎጃም የስልቻውን ቦታ ማዳበሪያ ወስዶታል። በቆሎና ስንዴ አምራች አገር ስለሆነ የዩሪያ ከረጢቱ ባዶውን ሲቀር በርበሬ ይሞላበታል፣ ድንች ይጫንበታል፣ የተማሪ ልብስ ሳይቀር ይታሰርበታል። ነገር ግን ስልቻም ሆነ ማዳበሪያ የአህያ፣ የበቅሎ ወይም የአይሱዙ ሸክም ነው። መንገደኛው ትልቁን ዕቃ ለከብት፣ ትንሹን ለራሱ ለይቶ ነበር። የዛሬው ትልቅ የጀርባ ቦርሳ የአህያውን ድርሻ በሰው ጀርባ ላይ የጫነ ዕቃ ነው።

ሙቀት ጀርባ ላይ ሲያርፍ

ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች ወይና ደጋ ናት፤ ግሽ ዓባይ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። ከወይና ደጋው ወደ ደጋው ሲወጣ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ፀሐዩ ግን አየሩ ስለሚሳሳ ቆዳን ይበልጥ ይጠብሳል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ቆላ ቀመሱን አገር ይበልጥ ያሞቀዋል፤ ያም ጊዜ አብዛኛው የዐቢይ ጾም ወራት ነው።

ሰውነት በሙቀት ጊዜ ራሱን የሚያቀዘቅዘው ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ነው። አንድ ሊትር ላብ ተንኖ ሲያልቅ 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ተንጠባጥቦ መሬት የወረደ ወይም ሸሚዝ አርሶ የቀረ ላብ ግን ያን ያህል አይጠቅምም። ትልቅ ቦርሳ ከትከሻ እስከ ወገብ ጀርባን ሲሸፍን ከሰውነታችን ሰፊ ከሆነው የላብ ማስወጫ አንዱን ይዘጋል። ጨርቁ ጥቁር ከሆነ ፀሐዩን ይጨምራል። ክብደቱ ደግሞ ጡንቻን ያሠራል፤ የሚሠራ ጡንቻ ሙቀት ያመነጫል። አንድ ቦርሳ በሦስት መንገድ ያሞቃል ማለት ነው።

ጎን ላይ የሚውል ትንሽ ኮሮጆ የሚሸፍነው የመዳፍ ያህል ቦታ ነው፤ ትከሻ ሲደክም ወደ ሌላው ጎን ይዛወራል። ጉዳቱ አንድ ትከሻ ላይ መክበዱ ስለሆነ ማንገቻው ሰፊ መሆን አለበት። ገመድ የመሰለ ማንገቻ ሁለት ኪሎ ብቻ ይዞ እንኳ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቆዳ ይቆርጣል።

ልጅ ይዞ ለሚወጣ ደግሞ ሌላ ልክ አለ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የልጅ ቦርሳ ከክብደቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል። 30 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ይህ ከ3 እስከ 6 ኪሎ ነው። ሁለት ሊትር ውሃና አንድ ሹራብ ብቻ የታችኛውን ልክ ሊሞላው ይቃረባል።

ከሰከላ እስከ መዝናኛ ፓርክ

ይኸው ሒሳብ ከተማም ይሠራል። አዲስ አበባ በ2012 አንድነት ፓርክን፣ በ2013 እንጦጦ ፓርክን ከከፈተች ወዲህ በበዓል ቀን ልጆቹን ይዞ ፓርክ የሚወጣው ቤተሰብ በዝቷል። ፍተሻ ላይ ቦርሳው ይከፈታል፤ ሃያ ኪስ ያለው ቦርሳ ሃያ ጊዜ ይፈተሻል፤ ከኋላ ያለው ሰልፍ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ወደዚያ የሚወስደው ሚኒባስም እንዲሁ ነው። ትንሽ ቦርሳ ጭን ላይ ይቀመጣል። ትልቁን ረዳቱ ወደ ፖርቶ መጋላ ይወረውረዋል፤ ወይም የዕቃ ሒሳብ ይጠይቅበታል፤ ተሳፋሪውም እስከሚወርድ ድረስ ስለ ዕቃው ሲሳቀቅ ይሄዳል።

ባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። የእነርሱ ሙቀት የሚበረታው እኛ ዘንድ ሐምሌ ዶፍ ሲያወርድ ነው። ልጆቻቸውን ይዘው ፍሎሪዳ ወዳለው መዝናኛ ፓርክ፣ ወደ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ቢሄዱ ከ61 በ38 በ46 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ቦርሳ በሩን አያልፍም። ይህ የተፈቀደው የመጨረሻ ልክ ነው እንጂ የሚመከር ልክ አይደለም። በፈጣን መጫወቻ ላይ ሲወጡ ቦርሳውን እግር ሥር ወይም ጭን ላይ መያዝ፣ አለዚያም መቆለፊያ ሣጥን መከራየት ይኖርባቸዋል። ቀኑን ሙሉ በሰልፍ መካከል እየተገፉ ግማሽ ኩንታል የሚያክል ቦርሳ መጎተት ጨዋታውን ሥራ ያደርገዋል።

ምን ይመረጥ?

እንግዲህ ለንግሥም ሆነ ለፓርክ የሚሆነው ቦርሳ የሚመረጠው ባዶውን አይደለም። የቀኑን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ይጀመራል፦ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ውሃ፣ እፍኝ ቆሎ ወይም በሶ፣ መታወቂያ፣ ብር፣ ስልክ፣ የሚወሰድ መድኃኒት ካለ እርሱ፣ ለፀሐይ ጃንጥላ ወይም ባርኔጣ። ግሽ ዓባይ ለሚወጣ ጠበሉ በባዶ ሆድ ስለሚጠጣ ጠዋት የሚበላ ነገር አያስፈልግም፤ ምሳው ከወረዱ በኋላ ነው። በጾም ወር የሚሄድ ሰው ደግሞ የምሳውን ዕቃ ጭራሽ ሊተው ይችላል። ለሕመምተኛ፣ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ግን ውሃ አይቀነስም።

ከዚያ በኋላ የመመለሻውን ሸክም ማሰብ ነው። አምስት ሊትር ጠበል አምስት ኪሎ ነው፤ ለእርሱ የሚሆነው ቦታ ከቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ከእጅ ላይ ወይም ከመኪና ውስጥ ይታሰብ። ጋቢው ሲወልቅ የሚታሰርበት ማሰሪያ ቦርሳው ላይ ከውጭ ቢኖር ደግ ነው፤ ውስጥ ከገባ ለእርሱ ሲባል ቦርሳው እጥፍ ይሆናል።

ቁሱ የሚመረጠው በሚያዘው ነገር ነው። ለምግብ አየር የሚያሳልፍ ስፌት ወይም ጨርቅ፣ ለወረቀትና ለስልክ ውሃ የማያስገባ። ፌስታል ለሁለቱም አይሆንም፤ በ2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅም ተከልክሏል። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ፣ ማንገቻው ቢያንስ አራት ጣት የሚሰፋ፣ አፉ በአንድ እጅ የሚከፈት ይሁን። ሕዝብ በተጨናነቀበት ቦታ ከፊት ለፊት እንዲውል ማንገቻው መርዘምና ማጠር መቻል አለበት።

ዕቃው ሁሉ ገብቶ ከተዘጋ በኋላ ቦርሳው ውስጥ ሌላ ነገር የሚያስገባ ቦታ ከተረፈ፣ ቦርሳው ከልኩ በላይ ትልቅ ነው ማለት ነው፤ ባዶ ቦታ በሚቀጥለው ጉዞ መሙላቱ አይቀርምና። ትንሹን ይግዙ። የጎደለ ነገር ቢኖር የሚሄዱበት አገር ሰው አለበት፤ ውሃ የሚሸጥ አለ፣ የሚያካፍል ጎረቤት አለ፣ በደጁ ለቆመ እንግዳ ቁራሽ የማይነፍግ ቤትም ገና አልጠፋም።